የወረታ አሮጌ ቤት፦ ቤቱ ስንት? ቦታው ስንት? ተስፋው ስንት?

«ቤቱን ይተዉት፤ ቦታውን ይዩ።»

ይህች አባባል በወረታም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ከተማ አሮጌ ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ገዢውን በአጥር በር ሲያስገባ ከአፉ የማትጠፋ ናት። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ በሩ አይገጥምም። ገዢው ይህን አይቶ ፊቱን ሲያጨፈግግ ደላላው እጁን ወደ አስፋልቱ ይዘረጋል። «ከመናኸሪያው ስንት እርምጃ ነው? ከገበያውስ?» ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ቤቱ የሚነጋገር የለም።

ሻጯ ብዙውን ጊዜ ቤቱን በወጣትነታቸው ከባለቤታቸው ጋር ያሠሩና ልጆቻቸውን ያሳደጉበት እናት ናቸው። አለዚያም ሻጮቹ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ውጭ አገር የሚኖሩ ወራሾች ናቸው። ገዢው የሩዝ ነጋዴ፣ የጭነት መኪና ባለንብረት ወይም ገንዘቡን ይዞ ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሀብት ነው። ለሁለቱም ወገን ይህ ሽያጭ በዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚያጋጥም ግብይት ነው። ይሁንና አንድ ኩንታል ሩዝ ሲገዛ የተሰባበረውን ፍሬ በመዳፉ ዘርግቶ የሚመረምር ነጋዴ፣ አሮጌ ቤት ላይ ሚሊዮን ብር የሚያፈሰው የደላላውን ጣት ተከትሎ ነው።

ሁለት የተገላቢጦሽ ሚዛኖች

ገበያው አሮጌውን ቤት ከዜሮ ቆጥሮ ዋጋውን በሙሉ ለቦታው ይሰጣል። ሕጉ ደግሞ የሚናገረው ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑንና እንደማይሸጥ ደንግጓል። የግለሰብ ንብረት የሚሆነው በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የተሠራው ነው። ሕጉ ደላላ ቢሆን ኖሮ «ቦታውን ይተዉት፤ ቤቱን ይዩ» ባለ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ቤቱ ሲሸጥ የቦታው መጠቀሚያ መብት አብሮ ይተላለፋል። በመሆኑም «ቦታ አይሸጥም» የሚለው ሐረግ በዕለት ተዕለት ገበያ ውስጥ ብዙም ቦታ ያለው አይመስልም። ልዩነቱ የሚታየው ግን ሰላማዊ ባልሆነው ቀን ነው፤ መንገድ ሲሰፋ፣ ባንክ ሲገምት፣ ወራሽ ፍርድ ቤት ሲቆም። በእነዚህ ቀናት ገዢው የከፈለው ገንዘብ በሁለት ይከፈላል፤ ሕግ የሚያውቀውና ሕግ የማያውቀው። ብዙ ገዢዎች የትኛው ስንት እንደሆነ የሚሰሙት በዚያ ቀን ነው። መስማት የነበረባቸው ግን ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት ነበር።

ቦታው ለምን ተወደደ?

ወረታ ከባሕር ዳር በስተሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። በደርግ ዘመን ቻይናውያን የሠሩት፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ወልዲያ የሚደርሰው መንገድ የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ዙሪያዋን ያለው የፎገራ ሜዳ ቀድሞ ስሙ የሚነሳው በከብት ዝርያው ነበር። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሞክሮ የተስፋፋው ሩዝ ግን የከተማዋን ገበያ ለውጦታል። የሩዝ መፈልፈያዎች፣ መጋዘኖች፣ የግብርና ኮሌጁ፣ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሁሉም ተከራይ ያመጣሉ። በነባሩ ሰፈር ግቢ ያለው ሰው ፊት ለፊቱን ለሱቅ፣ ከኋላ ያለውን ሰርቪስ ለሠራተኛ ወይም ለተማሪ ያከራያል። በመከር ወቅት ባዶ ክፍል ለእህል ማስቀመጫ ይፈለጋል።

ስለዚህ የቦታው ተፈላጊነት የደላላ ፈጠራ አይደለም። ነገር ግን መስቀለኛ መንገድ ዋጋ የሚኖረው መኪና ሲያልፍበት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ይህን በራሱ ኪስ አይቶታል። መንገዱ በተዘጋበት ሳምንት የሱቁ ኪራይ ያው ነው፤ የሱቁ ሽያጭ ግን ያው አይደለም። ተከራዩ ጥቂት ጊዜ ታግሦ ይለቃል። የቦታ ዋጋ ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አይሄድም የሚለው እምነት እዚህ ላይ ይፈተናል።

ሕጉ በሩን ሲያንኳኳ

አሮጌ ሰፈር በየከተማው ለመልሶ ማልማትና ለመንገድ ማስፋፊያ ቅርብ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳን የሚያሰላው በመሬቱ ላይ ያለውን ንብረት ለመተካት ከሚያስፈልገው ወጪ ተነሥቶ ነው። ተነሺው ምትክ ቦታ ወይም ምትክ ቤት የማግኘት መብትም አለው። ይሁን እንጂ ምትኩ እንደ ቀድሞው አስፋልት ዳር፣ ከመናኸሪያው አጠገብ ይሆናል የሚል ዋስትና የለም። ገዢው ለደላላው ጣት አቅጣጫ የከፈለው ገንዘብ ከካሳው ሠንጠረዥ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው ጉዳይ ሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለመብት ቦታውን በሊዝ እንደሚይዝ ደንግጓል። ይህ ማለት ሻጯ የነበራቸውን ዓይነት መብት ገዢው አያገኝም ማለት ነው። «ሰፈሩ ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» የሚለው የደላላ ቃል ለሻጯ እውነት ሲሆን ለገዢው ግን ግማሽ እውነት ነው። የሊዙ ክፍያ በምን መነሻ እንደሚሰላ ከውሉ በፊት ማዘጋጃ ቤት ጠይቆ ከዋጋው ላይ ማሰብ ያስፈልጋል። የስም ማዞሪያው ወጪና ግብሩም እንዲሁ። በ2017 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ደግሞ ውድ ቦታ መያዝ ወደፊት በየዓመቱ የሚከፈልበት ነገር መሆኑን ያመለክታል።

ሦስተኛው ፕላኑ ነው። በዋና መንገድ ዳር የፎቅ ከፍታ በሚወሰንባቸው ከተሞች አሮጌውን ቤት ለማደስ ፈቃድ ላይገኝ ይችላል። አድሶ ለመኖር ያሰበ ገዢ ፎቅ ለመሥራት የሚያስገድድ ቦታ ከገዛ፣ የገዛው ንብረት ሳይሆን ዕዳ ነው።

ቤቱ ዜሮ አይደለም

ገበያው አሮጌውን ቤት ከዜሮ መቁጠሩ ሌላው ስሕተት ነው። ሲሚንቶ፣ ብረትና ቆርቆሮ በተወደደበት፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም የብር አቅም በቀነሰበት ጊዜ፣ ቆሞ ያለ ጠንካራ ቤት ዋጋ አለው። የጭቃ ቤት ሁሉ አንድ አይደለም። በወይራና በጥድ የተማገረ የቀድሞ ቤት በችኮላ በለጋ ባሕር ዛፍ ከተሠራ የቅርብ ጊዜ ቤት የተሻለ ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

ስለዚህ ቤቱን መተው ሳይሆን ማየት ይገባል። መጀመሪያ የሚታየው ምሰሶው ከመሬት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ምስጥ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ልስኑን ትንሽ ፋቅ አድርጎ በቢላ ጫፍ መውጋት በቂ ነው፤ እንጨቱ ቢላውን ከዋጠ ግድግዳው በልስኑ ብቻ ነው የቆመው። ቀጥሎ ከግቢው ወጣ ብሎ የጣሪያውን ጫፍ መስመር ማየት ነው፤ መሐሉ ከጎበጠ ወራጁ ደክሟል። ከዚያም ኮርኒሱ ላይ የውኃ ቅርጽ መኖሩን መመልከት ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ሲታይ ደግሞ ለምን አሁን ተቀባ ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

የፎገራ ሜዳና የዙሪያው አፈር በአብዛኛው ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ቤቱን በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ወደ ላይ አግድም የሚሄድ ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። የልስን ስንጥቅ በጥቂት ሺሕ ብር ይደፈናል፤ የመሠረት ስንጥቅ ግን በሚቀጥለው ክረምት ተመልሶ ይመጣል። ፎቅ አፍርሶ ለሚሠራውም ቢሆን ይህ አፈር ጥልቅ መሠረትና ተጨማሪ ብረት ይጠይቃልና፣ «ቤቱን ይተዉት» የተባለው ባለሀብት አፈሩን መተው አይችልም።

ውኃው የት ደርሶ ነበር?

ርብና ጉማራ ከደጋው ያመጡትን ውኃ በሜዳው ላይ አድርገው ወደ ጣና ያወርዳሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ወረዳዎች ብዙ ሕዝብ ማፈናቀሉ አይረሳም። በከተማው ውስጥ ያለ ቤት ከወንዙ ቢርቅም ሌላ ጠላት አለው፤ እሱም መንገዱ ራሱ ነው። አስፋልቱና ኮብል ስቶኑ በታደሰ ቁጥር ከፍ ሲል፣ ቀድሞ ከመንገዱ በላይ የነበረው የአሮጌው ቤት ወለል ከመንገዱ በታች ይሆናል። ዝናቡም በአጥሩ በር ይገባል።

በታኅሣሥ የታየ ቤት ግማሹ ብቻ ነው የታየው። የሚቻል ከሆነ በነሐሴ ማየት፣ ካልተቻለም የግድግዳውን ግርጌ ቀለም ማስተዋልና ጎረቤት መጠየቅ ነው። ከማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቀጥሎ የአሮጌ ሰፈር መዝገብ እድሩ ነው። ውኃው እስከ የት እንደደረሰ፣ ቤቱን ማን እንደሠራው፣ ወንድማማቾቹ ለምን እንደተጣሉ የእድሩ ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

ወረቀቱስ?

በነባር ሰፈር ወረቀት ማለት ታሪክ ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወርሷል፤ ለመኖሪያ የሚያዘውንም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ሰፊ አሮጌ ግቢ ሲገኝ ሦስት ጥያቄ ይነሣል። በካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ የከበበው ስፋት አንድ ነው? ከግቢው ውስጥ ካሉት ክፍሎች የቀበሌ የሆነ አለ? ካርታው ላይ ያለው ስም ዛሬ ከሚሸጠው ሰው ጋር አንድ ነው?

ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ገዢ ያከሰረ ነው። ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ የሚሸጠው በቅርብ ያለው ልጅ ከሆነ፣ ሩቅ ያሉት ወራሾች ፈርመው ወይም ሕጋዊ ውክልና ልከው መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ባልና ሚስት በጋራ ያፈሩት ቤት ያለ ሁለቱም ስምምነት አይሸጥም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። በሦስት ምስክር ፊት በደላላው ቤት የተፈረመ ወረቀት ለቀብድ ይጠቅም ይሆናል እንጂ የቤት ባለቤት አያደርግም።

ሒሳቡ

አሁን ዋጋውን መከፋፈል ይቻላል። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ እንጂ የወረታ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

ለአንድ አሮጌ ቤት 3 ሚሊዮን ብር ተጠየቀ እንበል። ይህንኑ ዓይነት ቤትና ሰርቪስ ዛሬ ለመሥራት 900 ሺሕ ብር ይፈጃል። ምሰሶ ለመቀየር፣ ቆርቆሮና አሸንዳ ለማደስ 250 ሺሕ ያስፈልጋል። እንግዲህ ቤቱ ባለበት ሁኔታ 650 ሺሕ ብር ይገመታል።

ሱቁና ክፍሎቹ በወር 12 ሺሕ ብር ቢከራዩ በዓመት 144 ሺሕ ነው። ባዶ ለሚከርምበት ጊዜ፣ ለጥገናና ለግብር ሩቡ ሲቀነስ 108 ሺሕ ይቀራል። ይህ ከ3 ሚሊዮን ብር 3 ነጥብ 6 ከመቶ ብቻ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 ከመቶ አድርጎ ነበር። በዚህ ተመን ሲሰላ 108 ሺሕ ብር ዓመታዊ ገቢ የሚያስገኝ ንብረት 1 ሚሊዮን 540 ሺሕ ብር ያህል ያወጣል። ከዚህ ላይ የቤቱ 650 ሺሕ ሲነሣ የቀረው 890 ሺሕ ብር ቦታው ዛሬ እየሠራ የሚያመጣው ዋጋ ነው። ከተጠየቀው 3 ሚሊዮን ውስጥ የተረፈው 1 ሚሊዮን 460 ሺሕ ብርስ? እሱ ተስፋ ነው።

ኪራይ ከኑሮ ውድነት ጋር ይጨምራል፤ የባንክ ተቀማጭ ግን አይጨምርምና 7 ከመቶ ይበዛል የሚል ነጋዴ ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። በ5 ከመቶ ቢሰላ ንብረቱ 2 ሚሊዮን 160 ሺሕ ያወጣል፤ ተስፋውም ወደ 840 ሺሕ ይወርዳል። ተመኑን መምረጥ የገዢው ፋንታ ነው። ቁም ነገሩ ሦስቱ ቁጥሮች፣ የቤቱ፣ የቦታውና የተስፋው፣ ተለያይተው በወረቀት ላይ መስፈራቸው ነው።

ተስፋ መግዛት ኃጢአት አይደለም። የሩዙ ንግድ ሊያድግ፣ መንገዱ ሰላም ሊሆን፣ ደረቅ ወደቡ ጭነት ሊጎትት ይችላል። ነገር ግን ተስፋ የሚገዛው በራስ ገንዘብ ነው። በብድር የተገዛ ተስፋ ወለዱ የሚቆጥረው ከዛሬ ጀምሮ ሲሆን፣ ትርፉ የሚመጣው ከመጣ በኋላ ነው። የባንክ መሐንዲስ ለቤቱ የሚያወጣው ግምት ከገበያው ዋጋ ዝቅ ማለቱን ነጋዴው እንደ ስስት ይቆጥረዋል። በእርግጥ ግን ባንኩ ለተስፋ አላበድርም ማለቱ ነው።

ያልተጻፈው ዋጋ

በመጨረሻም በየከተማው ሁሉም የሚያውቀውና ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ልማድ አለ። ለግብርና ለስም ማዞሪያ እንዲቀልል በሚል በውሉ ላይ የሚጻፈው ዋጋ ከተከፈለው ያንሳል። 3 ሚሊዮን ከፍሎ 1 ሚሊዮን ያስጻፈ ገዢ ጥቂት ግብር ተርፎለት ይሆናል፤ ወራሽ ተነሥቶ ውሉ ቢፈርስ ግን በእጁ ያለው ማስረጃ የ1 ሚሊዮኑ ብቻ ነው። ነገ መልሶ ሲሸጥም ትርፉ ከ1 ሚሊዮን ጀምሮ ይቆጠርበታል። ሕግ ቀድሞውንም የማያውቀውን የተስፋ ዋጋ የከፈለው ሰው፣ ሕግ የሚያውቀውን ጭምር በገዛ ብዕሩ ይደመስሰዋል።

ማዘጋጃ ቤቶችም ከዚህ የሚያተርፉት የለም። የእውነቱ ዋጋ ስለማይጻፍ መዝገባቸው ገበያውን አያሳይም። እውነተኛው ዋጋ ቢጻፍና የየሰፈሩ አማካይ ዋጋ በየጊዜው ቢገለጽ፣ ገዢና ሻጭ ከደላላው አፍ ሌላ የሚያመሳክሩበት ነገር ያገኛሉ። ኮሚሽኑን ከጠቅላላው ዋጋ በመቶኛ የሚቀበል ደላላ ተስፋውን ከፍ ቢያደርግ አይፈረድበትም፤ ሥራው ነው። ሚዛን መያዝ ግን የገዢው ሥራ ነው።

የሻጯም ሥራ ጭምር ነው። «ቤቱ ጭቃ ነው፣ ዋጋ የለውም» ተብለው የሚሸማቀቁት እናት የወይራ ምሰሷቸውን፣ የሚያከራዩትን ክፍልና የቦታቸውን ተፈላጊነት ለየብቻ አስገምተው ቢጠብቁ፣ የሚጠይቁትን ዋጋ በምክንያት መጠየቅ ይችላሉ። ገዢውም ለምን እንደሚከፍል ያውቃል። ለወረታ አሮጌ ቤት ከእንግዲህ የሚሻለው የደላላ ቃል «ቤቱንም ይዩ፣ ቦታውንም ይዩ፤ ተስፋውን ግን ከኪስዎ ይክፈሉ» የሚለው ነው።